የካቶሊክ ትምህርት ቤት ስምንተኛ ክፍል አለው፤ የመድረሳችን መጨረሻ የት ነው?



ከነፋስ መውጫ፣ ከአርብ ገበያ፣ ከወገዳና ከመካነ ኢየሱስ ወጥተው አዲስ አበባና ባሕር ዳር የሚነግዱ ወገኖቻችን ለዒድ አገር ቤት ሲመጡ መስጂድ በር ላይ ደጋግመው የሚያነሱልን ጥያቄ አለ፦ «ልጄን ካቶሊክ ትምህርት ቤት ላስገባው ወይስ ይቅርብኝ?» እኛ ሳንመልስ ከጎን የቆመው ይቀድመናል። አንዱ «ካቶሊክ የገባ ልጅ ስምንተኛን ሲጨርስ ዲኑንም አብሮ ይጨርሳል» ይላል። ሌላው «ተወው ባክህ፤ እንግሊዝኛውን ይልመድ፣ ዲኑን ሲያድግ ይደርስበታል» ይላል። እዚህ ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ያለው ወጣት ደግሞ ይህንኑ ክርክር በስልኩ ያነብና ወገን ለይቶ ይሰዳደባል።

በእኛ እይታ ሁለቱም ወገኖች ስተዋል። የመጀመሪያው ሳያጣራ ይፈርዳል። ሁለተኛው በጊዜው ካልተያዘ የማይገኘውን ነገር ለነገ ያሳድራል። ሁለቱም የማያነሱት ጥያቄ ግን አለ፤ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይም እሱ ነው፦ ያ ልጅ ስምንተኛ ክፍልን በጨረሰ ቀን፣ የተማረው ካቶሊክ ትምህርት ቤትም ይሁን የቀበሌ ትምህርት ቤት፣ ከመድረሳ ምን ጨርሶ ይወጣል?

በስምንተኛ ክፍል የሚሰጠው ምንድን ነው?

ከመፍረዳችን በፊት የልጁን ደብተር እንግለጠው። አሁን ባለው የአገራችን ሥርዓት ከ1ኛ እስከ 6ኛ አንደኛ ደረጃ፣ 7ኛና 8ኛ መካከለኛ ደረጃ፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ሁለተኛ ደረጃ ነው። ስለዚህ 8ኛ ክፍል የመካከለኛ ደረጃ መዝጊያ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ልደታ ካቶሊክ ካቴድራል፣ ቅዱስ ዮሴፍ ወይም ናዝሬት ትምህርት ቤት የሚማር ልጅና ስማዳ ገጠር የሚማር ልጅ የሚከተሉት ሥርዓተ ትምህርት መሠረቱ አንድ ነው። በሒሳብ ራሽናል ቁጥሮችን፣ ስኩዌር ሩትን፣ እኩልታን፣ የፓይታጎረስን ቲዎረም፣ ክብን፣ የጠጣር ምስሎችን ይዘትና ፕሮባቢሊቲን ይማራሉ። በአጠቃላይ ሳይንስ አቶምንና ሞለኪውልን፣ አሲድንና ቤዝን፣ የሰው አካልን ሥርዓቶች፣ ሥነ ምኅዳርንና ሥርዓተ ፀሐይን ይማራሉ። አማርኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ማኅበራዊ ሳይንስ፣ የዜግነት ትምህርት፣ ኮምፒውተርና ስፖርትም አሉ። ዓመቱ ሲያልቅ የሚፈተኑትን ፈተና የሚያዘጋጀው ቤተ ክርስቲያን አይደለም። አዲስ አበባ ላይ የከተማው፣ በክልላችን ደግሞ የክልሉ ትምህርት ቢሮ ነው። በፈተናው ወረቀት ላይ ስለ ሥላሴ የሚጠይቅ ጥያቄ የለም።

ሕጉም ይህንኑ ይላል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ሆኖ እንዲሰጥ ያዛል። በአንቀጽ 27 ደግሞ ወላጅ ልጁን በራሱ እምነት የማሳደግ መብት እንዳለው ይደነግጋል። ይህ ድንጋጌ ቄሱንም፣ ኡስታዙንም፣ ርእሰ መምህሩንም እኩል ይገዛል። የእኛው አወሊያም ቢሆን የመንግሥትን ሥርዓተ ትምህርት ነው የሚያስተምረው።

የካቶሊክ መምህራን በዚህ አገር ሳይሰብኩ እንዲያስተምሩ ሲደረግ የመጀመሪያው አይደለም። ንጉሥ ኃይለ ሥላሴ ከጣልያን መባረር በኋላ የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትን፣ ቀጥሎም እ.ኤ.አ. በ1950 የተከፈተውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅን ከካናዳ ለመጡ ኢየሱሳውያን ካህናት ሲሰጡ ሃይማኖታቸውን እንዳይሰብኩ ተስማምተው ነበር። ካህናቱ የክህነት ቀሚሳቸውን ትተው እንደ ማንኛውም መምህር ኮትና ሱሪ ለብሰው ነው ያስተማሩት። የአገራችን የመጀመሪያው የከፍተኛ ትምህርት ተቋም የተመሠረተው በእነዚህ ሰዎች እጅ ነው።

ያ ጥንቃቄ ያለ ምክንያት አልመጣም። አፄ ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1622 ካቶሊክነትን በይፋ ተቀብለው በሕዝቡ ላይ በግድ ሲጭኑት አገሩ በደም ታጠበ። ጎረቤታችን ላስታ በመልክአ ክርስቶስ መሪነት አመፀ፤ ጦርነቱም ቤጌምድር ድረስ መጣ። ሱስንዮስ በ1632 አዋጁን መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ፋሲለደስ ኢየሱሳውያንን አባረው፣ ተመልሰው እንዳይገቡ በምፅዋና በሱዋኪን ከነበሩት የቱርክ ፓሻዎች ጋር ተስማሙ። በሩን እንዲጠብቁ የተለመኑት ሙስሊሞች ነበሩ ማለት ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ። በእኛ አካባቢ «ካቶሊክ» ሲባል የሚሰማው ድንጋጤ 400 ዓመት የሞላው የክርስቲያን ለክርስቲያን ቁስል ነው። ከቁርኣንም ከሐዲስም ያገኘነው ሳይሆን ከጎረቤት የተዋስነው ፍርሃት ነው። ሙስሊም ከፈራ በራሱ ሚዛን መዝኖ ይፍራ!

ታዲያ የሚያሰጋ ነገር የለም ወይ?

አለ። አንደብቅም። ልጅ በትምህርት ቤት የሚማረው ደብተር ላይ የተጻፈውን ብቻ አይደለም። ግድግዳ ላይ መስቀል አለ። የበዓላቱ አቆጣጠር የእነሱ ነው። በገና ሰሞን መዝሙርና ድራማ አለ። የግብረ ገብ ክፍለ ጊዜ አለ፤ እዚያ የሚነገረው ስለ እውነተኝነት፣ ስለ ትዕግሥት፣ ስለ ድሃ ስለመርዳት ነው። ነገሩ መልካም ነው፤ ነገር ግን ልጃችን እነዚህ ሁሉ በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሱና ውስጥ እንዳሉ ካልተነገረው መልካም ነገር ሁሉ ከሌላ ቤት የሚመጣ ይመስለዋል። ትልቁ አደጋ ይሄ ነው። ማንም አስገድዶ አያጠምቀውም፤ ይልቅስ ቀስ በቀስ የራሱ ቤት ባዶ መስሎ ይታየዋል።

ሌላም የሚማረው አለ፤ ይህንን ደግሞ ልንቀናበት ይገባል። የቅዱስ ዮሴፍን ትምህርት ቤት የሚያስተዳድሩት የላ ሳል ወንድሞች ማኅበር መሥራች፣ ፈረንሳዊው ቄስ ዣን ባፕቲስት ደ ላ ሳል፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ያስፋፋው ነገር ቀላል ነበር። ልጆችን አንድ በአንድ እየጠሩ ሌላውን ሥራ ፈት ከማስቀመጥ ይልቅ በደረጃ ከፋፍሎ በአንድ ላይ ማስተማር፣ በላቲን ፈንታ በሚናገሩት ቋንቋ ማስተማር፣ ከሁሉ በፊት ደግሞ መምህሩን ራሱን ማሠልጠን። ዛሬም የእነዚህ ትምህርት ቤቶች ጉልበት እዚህ ላይ ነው። መምህሩ በሰዓቱ ይገባል፣ የቤት ሥራ ይታረማል፣ የደከመ ልጅ ወላጁ ይጠራል። ከሁሉም በላይ ልጁ ሲገባ መቼ እንደሚወጣና ሲወጣ ምን ማወቅ እንዳለበት ገና ከመጀመሪያው ቀን ይታወቃል።

«ከካፊር መማር ሐራም ነው» ለሚሉን ወንድሞች መልሳችን አጭር ነው። በበድር ከተማረኩት ቁረይሾች መክፈያ ያልነበራቸው የአንሷር ልጆችን ጽሕፈት አስተምረው ነፃ እንዲወጡ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) መፍቀዳቸው በሲራ የታወቀ ነው። እነዚያ አስተማሪዎች ጣዖት አምላኪዎች ነበሩ፤ ያውም ትናንት ሰይፍ መዘው የመጡ። ዘይድ ኢብኑ ሣቢትን (ረ.ዐ.) ገና ወጣት ሳለ የአይሁዶችን ጽሕፈት እንዲማር አዘውታል፤ በግማሽ ወር ገደማ ተማረው። ስለዚህ ከማን እንደተማረ ብቻ ማየት አይበቃም። ሲሄድ ምን ይዞ ሄደ ብሎ መጠየቅም ያስፈልጋል።

ምን ይዞ መሄድ እንዳለበት ደግሞ በዚሁ በአገራችን ምድር ታይቷል። ጃዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ.) በክርስቲያኑ ንጉሥ በነጃሺ ፊት ቆሞ፣ ዙሪያውን ጳጳሳት ተቀምጠው፣ ስለ ዒሳ ሲጠየቅ አልተንተባተበም። ሱረቱ መርየምን ከመጀመሪያው ቀራ፤ ንጉሡም አለቀሰ። ጃዕፈር ሱራውን ሐበሻ ከደረሰ በኋላ አልፈለገም፤ በቀልቡ ይዞ ነው ባሕሩን የተሻገረው። ዛሬ ካቶሊክ ትምህርት ቤት ስምንተኛ ክፍል የተቀመጠ ልጃችን ጓደኛው «እናንተ ስለ ማርያም ምን ትላላችሁ?» ቢለው ምን ይመልሳል? ስልኩን ሊያወጣ ነው? ወይስ በቁርኣን ውስጥ በስሟ የተጠራ ሙሉ ሱራ እንዳለ በኩራት ሊናገር ነው?

ስምንተኛ ክፍል ለምን?

«ለምን ስምንተኛውን ብቻ?» የሚል ይኖራል። ሁለት ምክንያት አለን።

አንደኛው የሸሪዓው ነው። የስምንተኛ ክፍል ልጅ ዕድሜው 14 ወይም 15 ነው። ዐብደላህ ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ.) በኡሑድ ጊዜ 14 ዓመቱ ስለነበር እንዲዘምት አልተፈቀደለትም፤ በኸንደቅ 15 ሆኖ ሲቀርብ ተፈቀደለት። ኸሊፋው ዑመር ኢብኑ ዐብዱልዐዚዝ ይህንን ሲሰሙ የልጅና የአዋቂ መለያ አድርገው ያዙት። ምልክቱ ቀድሞ የታየበትም አለ። ባጭሩ፣ ትምህርት ቢሮ ልጁን በሚፈትንበት ዓመት መላእክትም መጻፍ ጀምረዋል። ሶላቱ ግዴታ ሆኗል፣ ጾሙ ግዴታ ሆኗል፣ ትጥበቱ ግዴታ ሆኗል። እኛ ግን በዚያው ዓመት «ፈተና አለበት፣ ጥናት ላይ ነው» ብለን ከመድረሳ እናስቀረዋለን። ሒሳቡ በሚጀመርበት ዓመት ትምህርቱን እናቋርጠዋለን!

ሁለተኛው የአገራችን ኑሮ ነው። ከስማዳ ቆላ፣ ከታች ጋይንት፣ ከእስቴ ገጠር ያለ ልጅ እስከ ስምንተኛ በአቅራቢያው ይማራል። ዘጠነኛ ሲደርስ ስንቁን ተሸክሞ ከተማ ይወርዳል፤ ከሌሎች ልጆች ጋር ቤት ተከራይቶ ይኖራል። ሱብሒ የሚቀሰቅሰው አባት የለም፤ የት አመሸህ የምትል እናት የለችም። ብዙ ጊዜ አብረውት ከሚኖሩት ውስጥ ሙስሊሙ እሱ ብቻ ነው፤ በዞናችን ከመቶ አምስት እንኳ የማንሞላ ሰዎች ነንና። ሴቷ ደግሞ ወይ «ስምንተኛ ይበቃታል» ተብላ ሕጉ ካስቀመጠው 18 ዓመት በፊት ትዳራለች፣ ወይ ዓረብ አገር ትላካለች። እንግዲህ ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ ልጅ ስምንተኛ ክፍል በወላጅ ጣሪያ ሥር የሚያሳልፈው የመጨረሻ ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ልጅ የያዘውን ይዞ የሄደ መንገደኛ ነው።

የማያልቅ መድረሳ

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። ካቶሊኩ መጨረሻ አለው ብለናል። ጎረቤቶቻችን ኦርቶዶክሶችስ? እዚሁ ጋይንት ውስጥ ድጓ የተማረ ሰው የሚመሰክረው ቤተልሔም ሄዶ ነው፤ ዝማሬ መዋሥዕት የተማረ ደግሞ ዙር አምባ። ከየት አገር ተነስቶ ይምጣ፣ መድረሻው የት እንደሆነ ያውቃል። ደበሎ ለብሶ በየደጁ የሚለምነው የቆሎ ተማሪ እንኳ ትምህርቱ ጫፍ አለው።

የእኛ አባቶችስ? እነሱም ነበራቸው! ቁርኣን የጀመረ ልጅ ሲያኸትም ሰደቃ ይወጣል፣ ሰፈሩ ይሰበሰባል፣ ዱዓ ይደረጋል። ከዚያ ደረሳ ሆኖ ወደ ወሎ ሸኾች ይሻገራል፤ በሰፊና ጀምሮ፣ አቡ ሹጃዕን ቀርቶ፣ ሚንሃጅ ላይ ይደርሳል። ነሕው የፈለገ አጅሩሚያን ይዞ ይነሳል። የትኛውን ኪታብ ከየትኛው ሸኽ ዘንድ እንደጨረሰ ይታወቅ ነበር፤ ሰውም በዚያ ያከብረው ነበር።

መጨረሻ ያጣው የዛሬው የከተማ መድረሳ ነው። ልጁ በስድስት ዓመቱ አሊፍ፣ ባ ይላል። በስምንት ዓመቱ ጁዝ ዐመ ላይ ነው። በአሥራ ሁለት ዓመቱም ጁዝ ዐመ ላይ ነው! ኡስታዝ ሲለወጥ እንደገና ከፋቲሓ ይጀምራል። አንድ ቀን ይቀራል፤ ለምን ቀረህ የሚለው የለም። መቼ ጨረሰ? ማን ፈተነው? ማን «አልፈሃል» አለው? ማንም። ሚናራ ለመቀባት ብር ሲዋጣ ኪስ ሁሉ ይከፈታል፤ የኡስታዝ ወርሃዊ ክፍያ ሲነሳ ግን ኮሚቴው ቀና አይልም። ለድምፅ ማጉያ ሦስት ጊዜ የተዋጣበት መስጂድ ለመድረሳ ጥቁር ሰሌዳ አጥቶ ልጆች አንዱን ለውሕ ለአራት ሲቀባበሉ እናያለን። ይህ እየሆነ ስለ ካቶሊክ ትምህርት ቤት በስልክ መጮህ ሥራ የመፍታት ምልክት ነው።

ምን ይደረግ?

እኛ የምንለው እያንዳንዱ መድረሳ «የስምንተኛ ክረምት» ይኑረው ነው። የስምንተኛ ክፍል ፈተና ሰኔ ላይ ያልቃል። ከዚያ እስከ መስከረም ሁለት ወር አለ፤ ደብተር የሌለበት፣ ፈተና የሌለበት ጊዜ ነው። በዚህ ክረምት ስምንተኛን የጨረሱ ወንዶችና ሴቶች ልጆች ሁሉ፣ የትም ይማሩ የት፣ የሚከተሉትን ጨርሰው ይውጡ።

አንደኛ፣ ጠሃራ። ውዱእ፣ ተየሙም፣ ጀናባ፣ ሐይድ። ሴቶች ልጆችን ሴት ታስተምራቸው፤ አፍረው ሳይጠይቁ የሚቀሩት ብዙ ነው።

ሁለተኛ፣ ሶላት ከነሸርጡ። የጁሙዓ፣ የመንገደኛና የጀናዛ ሶላት ጭምር። ከተማ ወርዶ ብቻውን የሚኖር ልጅ ጓደኛው ቢሞት ሊሰግድበት ይገባል።

ሦስተኛ፣ ከሱረቱ ዱሓ እስከ ሱረቱ ናስ ከነትርጉማቸው። ትርጉሙን ሳያውቅ የሚሸመድድ ልጅ ጥያቄ ሲመጣበት መልስ የለውም።

አራተኛ፣ የሱረቱ መርየም ታሪክ፣ የጃዕፈርና የነጃሺ ታሪክ። ስለ ዒሳና ስለ መርየም የምናምነውንና የማናምነውን ሳይሳደብና ሳይፈራ ማስረዳት ይልመድ።

አምስተኛ፣ ገበያ። ሚዛን፣ ብድር፣ ዱቤ፣ ወለድ፣ አደራ። አብዛኞቻችን የነጋዴ ልጆች ነን፤ ልጁም ነገ ሱቅ ውስጥ ነው የሚቆመው።

ስድስተኛ፣ የጎረቤት ሐቅ። ክርስቲያን ጎረቤቱን ለቅሶ የሚደርስበትን፣ ደስታውን የሚካፈልበትን፣ በዲኑ የማይደራደርበትን ልክ ይወቅ።

ክረምቱ ሲያልቅ ወላጆች በተሰበሰቡበት ይጠየቅ። ያለፈ ወረቀት ይሰጠው፣ ሰደቃ ይውጣለት፣ እንደ አባቶቻችን ኸትም ዱዓ ይደረግለት። ያላለፈም ሳያፍር በሚቀጥለው ይድገም። ለዚህ ፎቅ አያስፈልግም። ምንጣፉ አለ፣ ኡስታዙ አለ፣ ዩኒቨርሲቲ የገቡ ወንድሞችና እህቶች ለክረምት ቤታቸው ናቸው። የጎደለው ቁርጠኝነት ብቻ ነው።

«አሁን በዚህ ችግር ጊዜ?» ለሚለን መልስ አለን። በክልላችን ባለው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ልጆች ዓመት አልፏቸዋል። ትምህርት ቤት የተዘጋበት ልጅ መድረሳም ከሌለው ምን ቀረው? በዚህ ጊዜ መስጂድ ካልሰበሰበው ሌላ ይሰበስበዋል፤ የሚሰበስበውም ወደ ደግ ነገር ላይሆን ይችላል።

«ይህ የአዲስ አበባ ጉዳይ ነው፣ እኛን ምን አገባን?» ለሚለውም እንዲሁ። የካቶሊኮች የባሕር ዳር–ደሴ ሀገረ ስብከት በ2007 ዓ.ም. ተቋቁሟል። ትምህርት ቤታቸው ነገ ቢቀርበን ምን እንል ይሆን? ያን ቀን ልጃችን ባዶ ከሆነ ምርጫችን ሁለት ነው፦ ወይ ከጥሩ ትምህርት መከልከል፣ ወይ ባዶውን መላክ። ከሞላ ግን አይፈራም፤ የእነሱን ፊዚክስ ተምሮ የራሱን ዲን ይዞ ይመለሳል።

ወላጆች ሆይ! ካቶሊክ ትምህርት ቤት ማስገባት የፈለጋችሁ፣ መጀመሪያ ሦስት ነገር ጠይቁ። ልጄ ዙሁርና ጁሙዓ የሚሰግድበት ጊዜ ያገኛል ወይ? ሴት ልጄ ሒጃቧን ትለብሳለች ወይ? የአምልኮ ፕሮግራም ሲኖር እንዳይገኝ ይፈቀድለታል ወይ? መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። ይህንን ጥያቄ ለመንግሥት ትምህርት ቤትም አቅርቡት፤ በ2017 ዓ.ም. አክሱም ላይ እህቶቻችን በሒጃባቸው ምክንያት ከትምህርት የታገዱት በካቶሊክ ትምህርት ቤት አልነበረም። ከዚያ ወደ ሰፈራችሁ መድረሳ ሂዱና አራተኛውን ጥያቄ ጠይቁ፦ ልጄ ስምንተኛን ሲጨርስ ከእናንተ ዘንድ ምን ይጨርሳል? መልስ ካጣችሁ አትሂዱ፤ እዚያው ቁጭ በሉና ከኮሚቴው ጋር መልሱን ሥሩት።

ወጣቶች ሆይ! እናንተም ስለ ቄሶች ትምህርት ቤት አንድ መስመር ከመጻፋችሁ በፊት የታናሽ ወንድማችሁን ውዱእ አንዴ እዩት። የታናሽ እህታችሁን የፋቲሓ ትርጉም አንዴ ጠይቋት። በመጪው ክረምት ደግሞ ሁለት ልጆች ይዛችሁ መድረሳ ቁጭ በሉ። ከዚያ በኋላ ተከራከሩ፤ እናዳምጣችኋለን።

አላህ (ሱ.ወ.) ልጆቻችንን የዓይን ማረፊያ ያድርግልን። በጋይንት፣ በስማዳ፣ በእስቴና በአገራችን ሁሉ ሰላምን ያውርድልን። የተዘጉ የዕውቀት ደጆችን ይክፈትልን። አሚን!

ወላሁ አዕለም።